ከአዳራሽ ወደ መድረክ፤ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ታሪክና የባህል ሙዚቀኛው ኑሮ

በኢትዮጵያ የዜማ ታሪክ ውስጥ ብዙ የተጻፈለት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ይህ ዜማ ከቅዱስ ያሬድ ስም ጋር የተያያዘ፣ ምልክት ያለው፣ መምህርና ደቀ መዝሙር እየተቀባበሉት የኖረ ትምህርት ስለ ሆነ ለመመርመር የሚፈልግ ሊቅ የሚይዘው ጽሑፍ አያጣም። ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከአገር ወደ አገር የሚዞረው፣ በሠርግና በግብር ቤት የሚዘፍነው ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረውም። ግጥሙ በተነገረበት ሌሊት ያልፋል፤ ያልተረሳውም ቢሆን የሕዝብ ሀብት ሆኖ የደራሲው ስም ይቀራል። ይህ ባለሙያ በዐዲስ አበባ በ1950ዎቹ ዓመታት ከዘር ወደ ዘር በተላለፈው ልማድ ከሚኖርበት ክበብ ወጥቶ የደመወዝተኛ ቡድን አባል፣ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ፣ የውጭ አገር ተጓዥ ለመሆን በቃ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ እንዴት እንደ ተፈጸመ፣ ለሙያውም ምን እንዳተረፈለትና ምን እንዳጐደለበት መመርመር ነው።

የአዝማሪ ማዕርግና ውርደት

«አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ በመሠረቱም የማመስገንና የማዜም ትርጕም እንጂ የነውር ስም አይደለም። ይሁን እንጂ በዘመን ብዛት ቃሉ ከሸማኔው፣ ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪው ስም ጋር ተደርቦ የንቀት መጠሪያ ሆነ። የባላገሩም ሆነ የመኳንንቱ ጠባይ በዚህ ረገድ ሁለት መልክ ነበረው፤ ያለ አዝማሪ ሠርጉ አይሞቅም፣ ግብሩም አይደምቅም፤ ነገር ግን ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ወይም ልጁ ማሲንቆ ሲይዝ ዝም ብሎ የሚያይ አባት ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ሙያው በቤተ ሰብ ውስጥ ተወስኖ ኖረ። በጎንደር አጠገብ የምትገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆን የታወቀች ናት፤ አዝማሪዎቹም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሌላው ሰው የማያውቀው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ አላቸው። ባልየው ማሲንቆ ሲመታ ሚስቱ እየዘፈነችና እስክስታ እየወረደች ኑሯቸውን በአንድነት ያቃናሉ።

ይህ የተናቀ ሰው ግን ሌላው የማይደፍረውን የመናገር መብት ነበረው። በሰምና ወርቅ እየሸፈነ ጌታውን ያወድሳል፤ ያው ሽፋን ለወቀሳም ያገለግለዋል። ወሬ በጋዜጣና በራዲዮ ከመዳረሱ በፊት ዜናን ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚያደርሰው እርሱ ነበር። የዚህን ኀይል ታላቅነት ከማንም ይልቅ ጠላት ተረድቶታል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ የፋሺስት ባለ ሥልጣኖች በመጋቢት ወር አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እያሳደዱ እንዲያዙና እንዲገደሉ አድርገዋል፤ ምክንያቱም የጣሊያን አገዛዝ ያልቃል የሚለውን ወሬ በሕዝቡ መካከል የሚዘሩ እነርሱ ናቸው ተብሎ ስለ ታመነ ነው። የማሲንቆ አንድ ክር እንደ ጦር መሣሪያ ተቈጥሮ ባለቤቱን ለሞት ያበቃበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

የማርሽ ጓድና የቲያትር ቤት

በዐዲስ አበባ «ባንድ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የተነገረው ስለ ነሐስ መሣሪያ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተከታትለው ተቋቋሙ። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ሙዚቀኛ ማለት የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ኖታ የሚያነብ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ወታደር ነው።

በሌላ ወገን በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በጠላት ወረራ ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ ከነፃነት መመለስ ጋር ሥራውን ቀጥሎ የአገር ቤት ዘፈንና ጭፈራን ወደ መድረክ አወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም በዘመናዊው ኦርኬስትራ አጠገብ የባህል ተጫዋቾችን ይዟል። እነ አስናቀች ወርቁ በክራርና በትወና ስማቸውን ያስጠሩት በእነዚህ መድረኮች ነው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የቲያትር ቤቱ መድረክ ለባህል ሙዚቀኛው ሥራ ቢሰጠውም፣ ብዙ ጊዜ የሚሰለፈው ከዋናው ትርኢት ጋር ተጨማሪ ሆኖ ነው። መሣሪያው ራሱን የቻለ የጥናትና የቅንብር ጉዳይ ሆኖ ገና አልታየም ነበር።

ዐዲስ አበባ በ1950ዎቹ አጋማሽ

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ልደት ለመረዳት ከተማይቱ በዚያ ጊዜ የነበረችበትን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኔልሰን ማንዴላ በምዕራብ ዐዲስ አበባ፣ ዛሬ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው ወገን፣ በኮልፌ የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር የወታደርነት ትምህርት ይማር ነበር። በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህችው ከተማ ተመሠረተ። አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት እንግዶቻቸውን በአገራቸው ከበሮና ጭፈራ መቀበልን የነፃነታቸው ምልክት ባደረጉበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ እንግዶቿን የምትቀበለው በነሐስ ማርሽ ብቻ ይሁን ወይ የሚለው ጥያቄ የግድ የሚነሣ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ከሰጡት ሰዎች ዋናው በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካይሮ የተወለዱት፣ በኋላም አሜሪካዊ የሆኑት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ናቸው። ኤል ዳብ በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥነ ሥርዐት በሽቦ መቅረጫ ቀድተው፣ ድምፁን በመሣሪያ ኀይል ለውጠው አዲስ ድርሰት ያወጡ ሰው ነበሩ፤ ይህም ሥራቸው በዓለም ከተሠሩት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። የዛር ልማድ በኢትዮጵያና በግብፅ መካከል ያለውን ዝምድና የሥነ ሕዝብ ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖረ ስለ ሆነ፣ ኤል ዳብ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ፈጽሞ ወደ ማያውቁት ዓለም አልገቡም ማለት ይቻላል። በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ዐዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ቡድኑ የዩኒቨርሲቲውን የኪነ ጥበባት ማዕከል መኖሪያው አደረገ። የተጫዋቾቹና የዘፋኞቹ ቍጥር እስከ ሠላሳ ይደርስ የነበረ ሲሆን፣ ከአማራው፣ ከትግሬው፣ ከኦሮሞው፣ ከወላይታውና ከጊሚራው ወገን የተወለዱ ባለሙያዎች በአንድነት ይጫወቱበት ነበር።

የመሣሪያዎች መገናኘት

የዚህን ቡድን አዲስነት ለመመዘን መሣሪያዎቹ ከዚያ በፊት የነበራቸውን ሥፍራ ማወቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ልማድ እያንዳንዱ መሣሪያ ባለቤት፣ ቦታና ጊዜ አለው። በገና የመኳንንትና የካህናት፣ የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው። መለከትና እምቢልታ ከነጋሪት ጋር የሹመትና የቤተ መንግሥት ምልክት ናቸው። ዋሽንት የእረኛ፣ ማሲንቆ የአዝማሪ፣ ክራር የጐረምሳና የጠጅ ቤት ተብለው ይታወቃሉ። ስለዚህ በገናን ከማሲንቆ፣ መለከትን ከእረኛ ዋሽንት ጋር በአንድ ክብ ማስቀመጥ የድምፅ ቅንብር ብቻ አልነበረም፤ የማዕርግን አጥር ማፍረስ ነበር። በአዳራሽ ውስጥ አንዱ በምንጣፍ ላይ፣ ሌላው በደጅ አጠገብ ይቀመጡ የነበሩ መሣሪያዎች በኦርኬስትራው ውስጥ እኩል ወንበር አገኙ። ከዚህም በላይ የደቡቡ ሕዝብ ዜማ ከሰሜኑ ዜማ ጋር ሲሰማ፣ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» የሚለው ስም ከዚያ በፊት ያልነበረውን ስፋት አገኘ።

ሁለተኛው ችግር የቅኝት ነበር። የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያውን የሚቃኘው ለዘፋኙ ጕሮሮ እንጂ ለተወሰነ የድምፅ ከፍታ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ያመለክታሉ እንጂ የመነሻውን ድምፅ አይወስኑም። ርቀቱም ቢሆን በእያንዳንዱ ባለሙያ እጅ ጥቂት እንደሚለያይ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ጠባይ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ጽሑፏን ያቀረበችው ሲንቲያ ኪምበርሊን መርምራለች። ዋሽንት ደግሞ በሸምበቆው ርዝመት የተወሰነ ስለ ሆነ ሊቃና አይችልም፤ ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይዞ እንደ ዘፋኙ ድምፅ ይለዋውጣል። እምቢልታም ጣት የሚጫወትበት ቀዳዳ የለውም፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ጥቂት ድምፆች በተራው እየጣለ ዜማው ከብዙ ሰዎች ትንፋሽ ተሰባስቦ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ የሚታዘዝ፣ ሌላው የማይታዘዝ ሲሆን፣ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጫወት ለማድረግ የሚቃኘው መሣሪያ ለማይቃኘው መገዛት አለበት። በአዳራሹ ዘፋኙን ያገለግል የነበረው ክራር በኦርኬስትራው ውስጥ ዋሽንቱን የሚጠብቅ ሆነ። ይህ ቀላል የሚመስል ለውጥ ተጫዋቹን ከራሱ ድምፅ ይልቅ የባልንጀራውን ድምፅ እንዲያደምጥ ያስተማረ አዲስ ሥርዐት ነው።

መምህሩ አዝማሪ፣ ተማሪው የውጭ አገር ሰው

ኤል ዳብ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኢትዮጵያ ከሄዱ በኋላ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው ጆን ኮ ቡድኑን እስከ 1966 መራ። ከዚያም መሪነቱ ወደ አቶ ተስፋዬ ለማ ተላለፈ፤ እርሳቸውም ቡድኑ እስከ ፈረሰበት ጊዜ ድረስ በድርሰት፣ በቅንብርና በአስተዳደር አገለገሉ። አቶ ተስፋዬ መሪ ብቻ ሳይሆኑ አጥኚም ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዐዲስ አበባ ታትሟል።

በዚህ ዘመን ከተፈጸሙት ነገሮች ሁሉ ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ እጅግ የሚያስደንቀው የመምህርና የተማሪ ሥፍራ መለዋወጡ ነው። ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርለስ ሳተን ከቡድኑ የማሲንቆ ተጫዋች ከአቶ ጌታመሳይ አበበ ዘንድ ማሲንቆ ተማረ፤ በአማርኛም እየዘፈነ ከቡድኑ ጋር በመድረክ ተጫወተ። በዚያ ጊዜ በዐዲስ አበባ ዕውቀት የሚፈስሰው ከውጭ አገር መምህር ወደ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነበር። የኢትዮጵያን ሙዚቃ አጥንተው በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር የሆኑት አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያ የመሩት የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ ፒያኖንና ቫዮሊንን በኖታ ያስተምር ነበር። የኮሌጅ ምሩቅ የሆነ አሜሪካዊ በአዝማሪ ፊት ዝቅ ብሎ ተቀምጦ የቀስት አያያዝ ሲጠይቅ ማየት ግን ለተመልካቹ ትልቅ ትምህርት ነበረው፤ አገሩ የናቀው ሙያ ረጅም ጥናት የሚጠይቅ ዕውቀት መሆኑን ያለ ንግግር ይመሰክራልና።

በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቡድኑ የተመረጡ ባለሙያዎች ከሳተን ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በልዩ ልዩ ከተሞች ትርኢት አሳዩ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ይመለከተው በነበረው በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢትም ቀረቡ። በዚህ ጕዞ የተጠሩት በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስም ሳይሆን «ብሉ ናይል ግሩፕ»፣ ማለት የዓባይ ጓድ፣ ተብለው ነው። የስሙ መለወጥ ጥቂት ነገር አይደለም። ለአገር ቤት ተመልካች ቡድኑ የብዙ ሕዝቦች ጉባኤ ሲሆን፣ ለባዕድ ተመልካች አንድ ወንዝ፣ አንድ መልክ ሆኖ መታየት ነበረበት። የባህል ሙዚቀኛ በሌላ ሕዝብ ፊት ሲቆም ይህ ዐይነቱ መጠቅለል የማይቀር ግብር ነው።

ትርፍና ኪሳራ

የቡድኑን ሥራ በመልካም ብቻ የሚያወሳ ጽሑፍ ሙሉ አይሆንም። በአዝማሪው ጥንታዊ ሥራ ውስጥ ዋናው ነገር መሣሪያው ሳይሆን ቃሉ ነው። በሠርግ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ከዚያም በራሱ ግጥም የሰጪውን ስም፣ ጠባይና ልግስና እያነሣ ያሞግሳል ወይም ይጎነትላል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው ጨዋታው ነው። በመድረክ ላይ ግን ተመልካቹ በጨለማ ተቀምጦ ያጨበጭባል እንጂ ግጥም አይሰጥም። የጨዋታው ርዝመት በደቂቃ የተለካ፣ ቃሉ አስቀድሞ የተጠና ነው። ሠላሳ ሰው በአንድነት ሲጫወት አንዱ በድንገት ሐሳቡን ሊለውጥ አይችልም። ስለዚህ አዝማሪው ወንበርና ደመወዝ ሲያገኝ ያንን የቀድሞ የድፍረት መብቱን በመድረኩ ደጅ ጥሎ ገባ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ቡድን ባህልን ከሥሩ ይነቅላል ይላሉ። ነቀፋው እውነት አለው፤ ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ጥንታዊው ክበብ በራሱ ጊዜ እየጠበበ ነበር። ግብር የሚያበሉ መኳንንት ቢቀሩ የአዝማሪው እንጀራ አብሮ መቅረቱ አይቀርም፤ በ1966 ዓ.ም. የመጣው ለውጥም ይህንኑ አረጋግጧል። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ነፃነት ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም፤ ዋጋው ንቀትና በሌላው ልግስና ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ነበር። ስሙ በፕሮግራም ወረቀት ላይ የታተመለት፣ ሙያውን ለሌላ ወገን ልጅ ያስተማረ ተጫዋች ከዘር ውርስ ወደ ሙያ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ማሲንቆ መያዝ የትውልድ ዕጣ መሆኑ እየቀረ የምርጫና የትምህርት ነገር ወደ መሆን አመራ።

ከኦርኬስትራው መፍረስ በኋላ

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ፈረሰ። ሐሳቡ ግን በሌላ መልክ ቀጠለ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ዘፈንና ጭፈራ በአንድ መድረክ ማሳየት የመንግሥት ደንብ ሆነ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሼ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ቡድኖች በዚህ ዘመን ስመ ጥር ነበሩ፤ ከእነርሱም ታላላቅ ድምፃውያን ወጥተዋል። በ1980 ዓ.ም. የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ቡድንም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ለረዱት የዓለም ሕዝቦች ምስጋና ለማቅረብ ይህንኑ የብዙ ሕዝቦች ቅንብር ይዞ ዞሯል። ልዩነቱ ግን ግልጥ ነው፤ የኦርኬስትራው መነሻ የድምፅ ምርምር ሲሆን፣ የኪነት ቡድኖቹ ከሁሉ አስቀድሞ የቅስቀሳ አገልግሎት ይጠበቅባቸው ነበር።

አቶ ተስፋዬ ለማ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሽንግተን ከተማ የኢትዮጵያ የኪነ ጥበብና የባህል ማዕከልን አቋቋሙ፤ ናይል ኢትዮጵያን አንሳምብል የተባለውንም ቡድን መሩ። በስደት አገር የሚወለዱ ልጆች ክራርና ማሲንቆ የሚሰሙበት መድረክ በዚህ ተገኘ። በ2005 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ ዐረፉ። ሐሊም ኤል ዳብም በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በኦሃዮ ክፍለ ግዛት አረፉ። የቡድኑ ቅጂዎች በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ሃያ ሦስተኛ ቍጥር ሆነው ታተሙ። በዚህ እትም የአቶ ጌታመሳይ ማሲንቆና የአቶ መላኩ ገላው ዋሽንት በስማቸው ተመዝግበው ይገኛሉ። የአዝማሪ ስም ከሥራው ጋር አብሮ መቆየቱ፣ በጽሑፉ መግቢያ የተነገረውን የጥንት ጕድለት በመጠኑ የሚያቃና ነው።

የሚቀረው ጥናት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለተማሪዎች የሥራ መንገድ ያመለክታል። በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ቅጂ ድምፁን ይነግራል እንጂ ድምፁ የተገኘበትን ስምምነት አይነግርም፤ ማን ለማን እንደ ተቃኘ፣ የወላይታው ተጫዋች የትግሬውን ምት በስንት ቀን እንደ ለመደ፣ የበገናው ባለቤት ከአዝማሪ አጠገብ ሲቀመጥ ዘመዶቹ ምን እንዳሉት ከሕያዋን ቃል ካልተሰበሰበ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል። ይህን ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጅማ መንገድ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል በሚወጣበት በኮልፌ ቀራንዮ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ብዙ ሕዝቦች ከሰሜኑ ሰው ጋር በጉርብትና ይኖራሉ። በአንድ ድንኳን ውስጥ የጉራጌው ጭብጨባ፣ የኦሮሞው ዘፈንና የአማራው እስክስታ ተራ በተራ የሚሰሙበት ሠርግ በዚያ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ዛሬ እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ሲያጅባቸው ይታያል። ኪቦርዱ እንደ ሸምበቆው ዋሽንት የተወሰነ ድምፅ ስላለው፣ ዘፋኙ ሁሉ ለእርሱ ይገዛል፤ በአንጻሩ ኪቦርዱ ለማንም ዘፋኝ ጆሮውን አይሰጥም።

በኦርኬስትራ ኢትዮጵያና በዚህ አዲስ ልማድ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ላይ ይገኛል። ሁለቱም የብዙ ሕዝቦችን ዜማ በአንድ መድረክ ያሰማሉ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ውስጥ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ለመደማመጥ ተገደዋል፤ በሁለተኛው ውስጥ መደማመጥ አያስፈልግም። የሕዝቦችን ዜማ ማገናኘት ታላቅ ሥራ የሚሆነው መሣሪያዎቹ በአንድ ቦታ በመቀመጣቸው አይደለም፤ አንዱ ክሩን ለሌላው ሲል ሲያላላ ወይም ሲያጠብቅ ነው።